ያማረ ምስል፣ የተደበቀ ስህተት፦ የራጅ ባለሙያው ሥራ ለምን ከበደ?

የደረት ራጅ ለመነሳት የገባ ሰው ክፍሉ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ከዚያ ውስጥ ጨረሩ የሚፈነጥቅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ ያጥራል። ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ ይሄዳል፣ «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» ይላል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ «ይተንፍሱ» ይላል። ታካሚው ሸሚዙን እየቆለፈ «ይኸው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ ይኸው ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ሥራ የዓመታት ትምህርት የሚጠይቅበት ምክንያት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

እንኳን ታካሚው፣ በዚያው ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎችም የባለሙያውን ድርሻ በቅጡ አይለዩትም። አንዱ «ዶክተር» ይለዋል፣ ሌላው «ራጅ አንሺው» ይለዋል። መጠሪያው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነው፤ ራዲዮግራፈር የሚሉትም አሉ። ምስሉን አንብቦ ትርጉም የሚሰጠው ራዲዮሎጂስት የተባለው ሐኪም ሲሆን ምስሉን የሚሠራው ቴክኖሎጂስቱ ነው። «ያነሳል» ከማለት «ይሠራል» ማለትን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ፎቶ አንሺ ያገኘውን ብርሃን ይጠቀማል። የራጅ ባለሙያ ግን ብርሃኑን ራሱ ያመነጫል፣ ኃይሉንም መጠኑንም ራሱ ይመርጣል፤ ያ ብርሃን ደግሞ በሰው ገላ ውስጥ የሚያልፍና ሲበዛ የሚጎዳ ነው።

ሥራው የቁልፍ መጫን ጉዳይ ነው የሚለው አስተያየት ከዕለት ወደ ዕለት እየጠነከረ መጥቷል። ፊልም ቀርቷል፣ ጨለማ ክፍል ቀርቷል፣ ማሽኖቹ መጠኑን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታካሚውን በካሜራ እያየ አልጋውን ያስተካክላል። ስለዚህ ሥራው ቀለለ ይባላል። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። የቀድሞው ማሽን ስህተትን ወዲያው ያጋልጥ ነበር፤ የዛሬው ስህተትን አሳምሮ ያቀርባል። ማሽን ስህተትን መደበቅ ሲችል፣ ስህተቱን የመፈለግ ኃላፊነት በሰውየው ላይ ይወድቃል።

ወረቀቱ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ

ሥራው የሚጀምረው ከቁልፉ ሳይሆን ከማዘዣ ወረቀቱ ነው። አንዲት እናት ቀኝ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው እያነከሱ ገቡ እንበል። ወረቀቱ «የግራ ጉልበት» ይላል። ሐኪሙ ከታካሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጽፍ ግራና ቀኝ ይምታታበታል፤ የተለመደ ነው። ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ ባለሙያ ያላመመ ጉልበት ያነሳል፣ ጤነኛ ነው የሚል ውጤት ይወጣል፣ እኚህ እናት ሕመማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሥራዋን የምታውቅ ባለሙያ ግን «እማማ፣ የትኛው ነው የሚያምዎት? እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» ትላለች፤ ወረቀቱና ጣቱ ካልተስማሙ ምርመራውን አቁማ ለሐኪሙ ትደውላለች። ማዘዣውን በራሷ ፈቃድ መቀየር አትችልም። ማስቆም ግን ትችላለች፣ ይገባታልም።

የስም አጠያየቅም እንዲሁ ዘዴ አለው። «እርስዎ እገሌ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አደጋ ነው። የተጨነቀ፣ ጆሮው የከበደ ወይም ረጅም ሰዓት ተራ የጠበቀ ሰው ለየትኛውም ስም ራሱን ይነቀንቃል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሙሉ ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ» የሚለው ነው፤ መልሱ ከታካሚው አፍ መውጣት አለበት። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የአንዱ የራስ ቅል ምስል በሌላው ስም ከተቀመጠ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የተሳሳተ ሕክምና ይገጥማቸዋል፤ ስህተቱን በኋላ ፈልፍሎ ማውጣት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ምስሎች በራሳቸው ምንም እንከን የለባቸውም።

የእርግዝና ጥያቄ ከሁሉም ይረቅቃል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅን እናቷ አጠገቧ ቆማ ሳለ «እርጉዝ ነሽ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መወሰን ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ እናትየዋን በትሕትና ከክፍሉ ያስወጣል፤ ለማንኛውም በጨረር ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ያለ ምክንያት መቆየት ስለሌለበት ሰበቡ እውነተኛ ነው። ከዚያ በኋላ «የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» ብሎ በቀላል ቋንቋ ይጠይቃል። ይህን አንድም ኮምፒውተር አያውቀውም።

በሙያው ውስጥ የጨረር አጠቃቀም የሚመራባቸው መርሆዎች አሉ፤ የዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ያጸናቸው ናቸው። ኮሚሽኑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1928 በስቶክሆልም ነው። የመጀመሪያው መርህ ጥቅሙ ከጉዳቱ ካልበለጠ ጨረር አይለቀቅ ይላል። ሁለተኛው፣ ከተለቀቀም ለሥራው በሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ይሁን የሚለው ነው። ሦስተኛው የመጠን ገደብ ሲሆን የሚመለከተው ሠራተኛውንና ሕዝቡን እንጂ ታካሚውን አይደለም። ለታካሚ የተቀመጠ ገደብ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሕይወቱን የሚያድነው ምርመራ ከሆነ ገደብ አልፏል ተብሎ ሊከለከል አይገባም። ታዲያ ገደብ በሌለበት ቦታ ጠባቂው ማን ነው? ማዘዣውን የጻፈው ሐኪም አለ፣ ራዲዮሎጂስቱ አለ፤ ቁልፉ ላይ እጁ ያለው ግን ቴክኖሎጂስቱ ነው።

አንድ ደረት

አንድ ተራ የደረት ራጅ ውስጥ ስንት ውሳኔ እንዳለ ጠጋ ብለን እንየው።

ታካሚው ፊቱን ወደ ጨረሩ ሳይሆን ወደ ምስል ተቀባዩ ሰሌዳ አዙሮ፣ ደረቱን አስደግፎ ይቆማል። ጨረሩ ከጀርባው ይገባል። ልብ ወደ ደረት የፊት ክፍል የተጠጋች ናት፤ ከሰሌዳው ስትርቅ ጥላዋ ይገዝፋል፣ ስትቀርብ እውነተኛ መጠኗን ይዛ ትወጣለች። ጨረሩ የሚነሳበት ቱቦም ለደረት 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለሌላው የሰውነት ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ 100 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ይህም ለዚያው ጥላ ሲባል ነው፦ ግድግዳ ላይ በእጁ ጥላ የተጫወተ ልጅ ሁሉ መብራቱ ሲቀርብ ጥላው እንዴት እንደሚተልቅ ያውቀዋል። አልጋ ላይ ተኝቶ የተነሳ ሕመምተኛ ልቡ ትልቅ ሆና የምትታየውም በዚህ ነው። ባለሙያው ምስሉ ላይ «ተኝቶ የተነሳ» የሚል ምልክት ካላኖረ፣ ጤነኛ ልብ ያበጠች ተብላ ልትነበብ ትችላለች።

ቀጥሎ ትከሻ ነው። ታካሚው እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻዎቹን ወደ ፊት ይገፋል፤ አለበለዚያ የትከሻ አጥንቶቹ ሳንባው ላይ ይጋረዳሉ። ጥቂት እንኳን ወደ ጎን ከዞረ አንዱ ሳንባ ከሌላው ይጠቁራል። ባለሙያዋ ይህን የምታረጋግጠው በምስሉ ላይ የሁለቱ የአንገት አጥንቶች ጫፍ ከአከርካሪው እኩል መራቁን በማየት ነው። ትንፋሹ ደግሞ እስከ መጨረሻው መሳብ አለበት። በደንብ የተሳበ ሳንባ ላይ ከኋላ በኩል ዘጠኝ ወይም አሥር የጎድን አጥንት ይቆጠራል። ግማሽ ትንፋሽ ብቻ የሳበ ሰው የሳንባው ሥር ተጨማድዶ ነጭ ይሆናል፤ ያ ነጭ ጥላ ከሳንባ ምች ጋር በቀላሉ ይምታታል። እንግዲህ «ትንፋሽ ይሳቡ» የምትለው ቃል ልማድ ብቻ አይደለችም፤ በሽታ ልትፈጥር ወይም ልታጠፋ ትችላለች። ለዚህ ነው ጎበዝ ባለሙያ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ቁልፉን ሳይሆን የታካሚውን ትከሻ የሚያየው።

ከዚያ የግራና የቀኝ ምልክት አለች። ከእርሳስ የተሠራች ትንሽ ፊደል ናት፤ ከታካሚው ጋር አብራ ትነሳለች። ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ከምርመራው በኋላ ምልክት መለጠፍ ስለሚቻል ብዙዎች የእርሳሷን ፊደል ትተዋታል። ይህ ስንፍና ነው እላለሁ። ከአሥር ሺህ ሰው አንድ ገደማ የውስጥ አካላቱ ግራና ቀኝ ተለዋውጠው፣ ልቡ በቀኝ በኩል ሆኖ ይወለዳል። ምስሉ በስህተት ተገልብጦ ነው ወይስ ሰውየው እንዲሁ ነው? ያቺ የእርሳስ ፊደል ከሌለች ማን ይመሰክራል?

የጨረሩ ጉልበትም በምርጫ ነው። ለደረት ከ110 እስከ 125 ኪሎ ቮልት፣ ለእጅ መዳፍ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ቮልት አካባቢ ይመረጣል። የቀጭን ሽማግሌና የወፍራም ጎልማሳ ደረት አንድ አይደለም። ማሽኖቹ አሁን «ደረት፣ ትልቅ ሰው» የሚል ሥዕል ሲነካ ቁጥሩን ራሳቸው ይሞላሉ፤ ሥዕሉ ግን ታካሚውን አላየውም።

ፊልሙ ሐቀኛ ነበር

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በፊልም ዘመን ጨረር የበዛበት ምስል ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ያነሰበት ነጭ ይሆናል። ባለሙያው ፊልሙን ከጨለማ ክፍል አውጥቶ ብርሃን ላይ ሲሰቅለው ስህተቱ ለአለቃውም ለባልደረባውም ይታያል። ያፍራል፣ ይማራል። ፊልም ርኅራኄ አልነበረውም እንጂ ጥሩ አስተማሪ ነበር።

ዲጂታል ምስል ተቀባይ ሲመጣ ይህ ቀረ። ኮምፒውተሩ የደረሰውን ጨረር መጠን ሳይጨነቅ ጥቁሩንና ነጩን አመጣጥኖ ለዓይን የሚያምር ምስል ያቀርባል። ጨረሩ ካነሰ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሐኪሙ ያማርራል፣ ድገሙት ይላል። ጨረሩ ከበዛ ግን ምስሉ ይበልጥ ይጠራል። ማንም አያማርርም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። የሚከፍለው ታካሚው ነው፣ እሱም አያውቅም።

ሰው የሚነቀፍበትን እየሸሸ የሚመሰገንበትን መከተሉ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሳይታወቃቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይጀምራሉ። ዛሬ ጥቂት፣ ከወር በኋላ ጥቂት። በሙያው ውስጥ ይህ ክስተት ከታወቀ ቆይቷል፤ የመጠን መዳህ ሊባል ይችላል፣ እንደሚድህ ሕፃን ቀስ ብሎ ሄዶ ድንገት ደረጃው ጫፍ ላይ ይገኛልና። እዚህ ላይ ክፉ ሰው የለም፣ ሰነፍም የለም። ጥሩ ምስል ለመሥራት የሚጥሩ ሰዎች ናቸው ያሉት።

መድኃኒቱ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ዲጂታል ምስል ተቀባዩ ላይ የደረሰውን ጨረር የሚገልጽ መለኪያ ይዞ ይወጣል። ቀድሞ አምራቾቹ በየራሳቸው ልክ ይሰፍሩት ስለነበር አንዱ ጋ ቁጥሩ መጨመሩ ጨረር በዛ ማለት ሲሆን ሌላው ጋ ተቃራኒው ነበር፤ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ ባለሙያ ግራ ይጋባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ከዚህ ጋር የመጣው የልዩነት መለኪያ አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ ዜሮ ከሆነ መጠኑ የታለመው ነው፤ 3 ከሆነ እጥፍ ሆኗል፤ ከዜሮ በታች 3 ከሆነ ግማሽ ነው። ቁጥሯ በስክሪኑ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ትቀመጣለች። ዓይን የሚስበው መሀል ላይ የተዘረጋው ያማረ ደረት ነው። ዛሬ የባለሙያውን ብቃት የምለካው ከምስሉ ይልቅ ያቺን ቁጥር በማየት ልማዱ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ አንድ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ያህል ይሰጣል፤ ሚሊሲቨርት ሰውነት የሚያገኘው ጨረር የሚሰፈርበት መለኪያ ነው። ከመሬት፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ስለዚህ የደረት ራጅ የሦስት ቀን ተፈጥሯዊ ጨረር ቢያህል ነው፤ እጥፍ ቢሆንም ለአንድ ሰው የሚያስፈራ አይደለም። የሆድ ሲቲ ስካን ግን 8 ሚሊሲቨርት አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ላይ መጠን ሲድህ ነገሩ ሌላ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከ3.6 ቢሊዮን በላይ የምርመራ ምስሎች እንደሚነሱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ በአንዱ ላይ ኢምንት የሆነው በዚህ ሲባዛ ኢምንት አይሆንም።

ማንም ያላየው ቁጥር

ቁጥር ሳይታይ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በሎስ አንጀለስ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ ስትሮክ የተጠረጠረባቸውን ሰዎች የአንጎል ደም ዝውውር ለማየት በሚሠራ ሲቲ ስካን ላይ የተሳሳተ አሠራር ተጭኖ ኖሯል። 18 ወራት ያህል 206 ሰዎች ሊያገኙ ከሚገባው ስምንት እጥፍ የሚሆን ጨረር ወሰዱ። የታወቀው አንድ ታካሚ ፀጉሩ ተመልጦ አቤት ሲል ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ካሊፎርኒያም በ2010 ባወጣችው ሕግ የሲቲ ስካን ጨረር መጠን በታካሚው መዝገብ እንዲጻፍ አስገደደች።

እኔን የሚያስደንቀኝ ስህተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። የሲቲ ስካን ማሽን ከመነሳቱ በፊት የሚሰጠውን መጠን በስክሪኑ ላይ ይጽፋል። በየዕለቱ፣ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል፣ ስምንት እጥፍ የሆነ ቁጥር ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ምስሎቹ ግን ያማሩ ነበሩ። ስትሮክ የያዘው ሰው በር ላይ ሲደርስ ጥድፊያ ነው፣ የተጫነው አሠራር ደግሞ «ትክክለኛው» ነው ተብሎ ይታመናል። ቁጥሩ ስንት መሆን እንዳለበት በቃሉ የያዘ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት «ቆይ እስቲ» ይል ነበር። አንዳንዱ ግዴታ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ አይጻፍም፤ ይህች «ቆይ እስቲ» ከእነሱ አንዷ ናት።

«ሽርጡስ?»

ታካሚዎች አሁን አሁን የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። ቀድሞ ራጅ ሲነሱ ከወገባቸው በታች በእርሳስ ሽርጥ ይሸፈኑ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ አይሸፈኑም። «ችላ ብለውኝ ነው» ይላሉ። አይደለም። የመራቢያ አካልን መሸፈን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጸና ልማድ ነበር፤ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የአገሪቱ የጨረር መከላከያ ምክር ቤትም በ2021 ልማዱ እንዲቀር መከሩ። ምክንያታቸው ከጥናት የመነጨ ነው። የዛሬ ማሽን ጨረር ከያኔው እጅግ አንሷል። ማኅፀንና እንቁላል ማምረቻ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጨረር ከሌላው የሰውነት ክፍል ውስጥ ለውስጥ ተበትኖ የሚመጣ ስለሆነ ከላይ የተደረበ ሽርጥ አያግደውም። ይባስ ብሎ ማሽኑ «በቂ ጨረር ደረሰ» ብሎ ራሱን የሚያጠፋበት መለኪያ በእርሳሱ ከተጋረደ፣ አልደረሰኝም እያለ ጨረሩን ይጨምራል። ለጥበቃ የተደረገው ሽርጥ መጠኑን ያሳድጋል ማለት ነው፤ መታየት ያለበትንም አጥንት ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ ለተጨነቀች እናት፣ ልጇ አልጋው ላይ እያለቀሰ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማስረዳት ያለበት ማን ነው? ቴክኖሎጂስቱ ነው። ሰባ ዓመት የተሠራበትን ነገር አሁን አያስፈልግም ብሎ ማሳመን ሽርጡን ከማልበስ ይከብዳል። አንዳንዱ ክርክሩን ጠልቶ ሽርጡን ያለብሳል፤ አልፈርድበትም፣ ግን ትክክል አይደለም። በእርግጥ የሚጠብቀው ነገር ሌላ ነው፦ የጨረሩን መስኮት ማጥበብ። ለእጅ አንጓ የተለቀቀ ጨረር እስከ ክንድ የሚሄድበት ምክንያት የለም። መስኮቱን ሰፋ አድርጎ አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር ዳሩን መቁረጥ ግን የዘመኑ ሌላ ድብቅ ስህተት ነው፤ የተቆረጠው ምስሉ እንጂ ታካሚው የወሰደው ጨረር አይደለም።

ከራጅ ክፍሉ ውጭ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ቴክኖሎጂስቱ በደም ሥር አዮዲን ያለበትን ማጉያ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ውጤት ያያል፣ የአለርጂ ታሪክ ይጠይቃል፣ መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቶ መድኃኒቱ በሥጋ ውስጥ እንዳይፈስ ክንዱን ይከታተላል። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ተንቀሳቃሽ ማሽን እየገፋ ይዞራል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል አጥንት ሲጠገን ከሐኪሙ ጎን ይቆማል።

ኤምአርአይ ላይ ግን ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ሰው ጨረር ስለሌለው አደጋ የለውም ብሎ ያስባል። የተለመደው የኤምአርአይ ማግኔት 1.5 ቴስላ ነው፤ ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ ምርመራ ባይኖርም ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን በምርመራ ላይ ሳለ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክሲጅን ሲሊንደር ተስቦ መትቶት ሞተ። ሲሊንደሩ የገባው ልጁን ለመርዳት በጥድፊያ ነበር። እዚህ ክፍል በር ላይ የሚቆመው ቴክኖሎጂስት ፕሮፌሰርም ይምጣ ዳይሬክተር «አይገቡም» የማለት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ሥልጣኑ በወረቀት ኖሮ በተግባር የሚፈራበት ቦታ ከሆነ በሩ ክፍት ነው ማለት ይቻላል።

የራስ ገላ

ዊልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 በቩርትስቡርግ ነው፤ ቀኑ ዛሬም የሙያው በዓል ሆኖ ይከበራል። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን ለጨረር እያጋለጠ ሲሠራ ቆይቶ፣ እጆቹ ከተቆረጡ በኋላ በ1904 በካንሰር ሞተ። ኤዲሰንም ሥራውን ተወው። በሃምቡርግ በ1936 የቆመ ሐውልት በጨረር ሥራ የሞቱ የ169 ሰዎችን ስም ይዞ ነበር፤ በኋላ ሌሎችም ተጨመሩ። ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ቴክኒሻኖችና ነርሶችም አሉበት።

ዛሬ ያ ጊዜ አልፏል። ሠራተኛው ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት መለኪያ በየጊዜው ትነበባለች፤ ገደቡ የአምስት ዓመት አማካይ ሆኖ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 አያልፍም። ዋናው ጠባቂው ርቀት ነው፦ ከጨረር ምንጩ የሚርቁበትን እጥፍ ቢያደርጉ መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። በተንቀሳቃሽ ማሽን ሲሠራ ሁለት ሜትር መራቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ችግሩ መለኪያዋን ሳያንጠለጥል መሳቢያ ውስጥ የሚተዋት ሠራተኛ ነው። እሷ ባዶ ተነበበች ማለት እሱ ጨረር አላገኘም ማለት አይደለም፤ ይህም ያማረ ቁጥር የደበቀው ስህተት ነው።

ታዲያ ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? የዘርፉ ታዋቂ ተመራማሪ ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016 ራዲዮሎጂስቶችን ማሠልጠን ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽን ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ፤ ራዲዮሎጂስቶቹ አሁንም ይፈለጋሉ። ለቴክኖሎጂስቱ ግን አዲሱ መሣሪያ እውነተኛ ጥቅም አምጥቷል። ከአልጋው በላይ የተሰቀለ ካሜራ ታካሚውን በሲቲ ስካኑ መሀል በትክክል ያስቀምጣል፤ ከመሀል መውጣት ጨረሩንም የምስሉንም ጥራት ስለሚያበላሽ ይህ ቀላል አይደለም። ሶፍትዌሩ አሸዋ የመሰለውን ምስል አጥርቶ በአነስተኛ ጨረር መሥራት ያስችላል።

ስጋቴ እዚህ ጋ ነው። አሸዋው ሲጠፋ የመጨረሻው ምልክትም ይጠፋል። ፊልም ጨረር መብዛትንም ማነስንም ይናገር ነበር፤ ዲጂታል ማነስን ብቻ መናገር ጀመረ፤ አዲሱ ሶፍትዌር ማነሱንም ሊሸፍነው ይችላል። ያን ጊዜ ደቃቁ ነገር፣ ገና የጀመረው ጥላ፣ አብሮ ይጠፋ ይሆናል፤ ምስሉ ግን እንደ ቀድሞው ሁሉ ያምራል። ባለሙያው ጥሬውን ምስል ማየት፣ ማሽኑ ምን እንዳለሰለሰ ማወቅና ሲጠራጠር መናገር አለበት። በአንድ ተረኛነት ውስጥ የሚሠራው የታካሚ ብዛት በጨመረ ቁጥር ግን ለመጠራጠር ጊዜ አይተርፍም። ማሽኑ ስለፈጠነ ሰልፉ ይርዘም የሚል አስተዳዳሪ፣ ማሽኑ የቆጠበለትን ደቂቃ ሁሉ ከባለሙያው ይወስደዋል።

ሌላም አንድ ከባድ ሥራ አለ፤ ዝም ማለት። አንድ ወጣት ድንገት ደረቱን ወግቶት በእግሩ ይመጣል። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ባለሙያዋ በአንድ እይታ ታየዋለች፦ በግራ በኩል ሳንባው ተጨማድዶ ከደረቱ ግድግዳ ተላቋል፣ በመካከላቸው ያለው ጥቁር አየር ነው፣ ልቡም ወደ ቀኝ ተገፍታለች። ልጁ ሸሚዙን እየለበሰ «ምን ታየ፣ እህቴ?» ይላታል። የምርመራ ውጤት መናገር የእሷ ሥልጣን አይደለም፤ ዋሽታ «ደህና ነው» ማለትም አትችልም። ፊቷ እንዳይለወጥ ትጠነቀቃለች። «ሐኪሙ አይቶ ይነግርሃል፤ እስከዚያው እዚህ ወንበር ላይ አረፍ በል» ትለዋለች። ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ስልኩን አንስታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ሰዓቱንና ያናገረችውን ሰው ስም መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ በሩ አጠገብ የቆመውን ተሽከርካሪ ወንበር ትስባለች። ልጁ «በእግሬ እሄዳለሁ፣ በእግሬ ነው የመጣሁት» ይላል። እሷ ግን ፍሬኑን ይዛለታለች።